የማገዶ ቤት አሠራርና የእንጨት አፈላለጥ

የአንድ ቤት ሥርዓት የሚታወቀው በእልፍኙ ምንጣፍና በወንበሩ ጌጥ ብቻ አይደለም። እንግዳ የማይገባበትን ጓሮ የተመለከተ ሰው፤ ስለ ባለቤቱ ጠባይ ከእልፍኙ ይልቅ ከጓሮው የበለጠ ይረዳል። በጓሮውም ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ማገዶው ነው፤ እንጨቱ ከአጥር ሥር ተጥሎ በዝናብ እየራሰና በጭቃ እየተለወሰ እንደ ሆነ፤ ወይም ተፈልጦና ተደርድሮ ከጣራ በታች ደርቆ እንደ ሆነ ማለት ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር ቢመስልም የቤተሰቡን ጤና፣ የቤቱን ወጪ፣ የሠራተኛውንም ድካም የሚለውጥ ስለ ሆነ፤ ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ገጽ ስለ ማገዶ ቤት አሠራርና ስለ እንጨት አፈላለጥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «የኤሌክትሪክ ምጣድ በገባበት ዘመን ስለ ማገዶ መናገር ምን ይጠቅማል» ይል ይሆናል። ነገር ግን መብራት በጠፋ ቀን፣ ድግስ በተደገሰ ጊዜ፣ ጠላ በሚጠነሰስበትና አረቄ በሚወጣበት ሰዓት፤ በከተማም ቢሆን ፊታችንን የምንመልሰው ወደ እንጨቱ ነው። በባላገርማ የብዙው ቤተሰብ እንጀራ ዛሬም የሚጋገረው በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት ነው። ስለዚህ ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

ከተማችን በእንጨት ማጣት ያየችው ጭንቅ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። እንጨት የሚገኝበት ቦታ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ በሄደ መጠን ችግሩ እየከፋ ሄደ። በቀድሞው ዘመን ልማድ እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ መድኃኒቱ ከተማውን ነቅሎ እንጨት ወዳለበት አገር መሄድ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክም ወደ ምዕራብ አንድ ቀን ያህል በሚያስኬድ ስፍራ ላይ አዲስ ዓለምን ማሠራት የጀመሩት በዚሁ ምክንያት ነበረ። ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማው ሳይነቀል የቀረበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያስገባውም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ይነገራል። ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑም ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ብሎ ሰየመው። የዚህ ዛፍ ትልቁ ጥቅም ፈጥኖ ማደጉ ብቻ ሳይሆን፤ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ጥድና ወይራ ለመድረስ የሰው ዕድሜ ያህል ሲፈልጉ፤ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል። ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንዲያድግ አይፈቅድም ተብሎ መወቀሱ እውነት ቢሆንም፤ መዲናይቱን በቦታዋ ያጸናት እርሱ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን አለ ምክንያት አይደለም። እንጨት የማያልቅ ሀብት መስሎ የሚታየው ቤት፤ ከተማ እስከ መነቀል ያደረሰውን ችግር የረሳ ቤት ነው።

እርጥብ እንጨት የሚያመጣው ጉዳት

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው። ሰው አሥር ኪሎ እርጥብ እንጨት ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲያስገባ ወደ አምስት ኪሎ የሚጠጋ ውኃ ገዝቷል ማለት ነው። ይህም ውኃ እሳት ውስጥ ሲገባ፤ እንጨቱ ምጣዱን ከማጋሉ በፊት ሙቀቱን በገዛ ራሱ ውኃ ማትነኛ ያደርገዋል። እሳቱም ስለሚበርድ የእንጨቱ ጋዝ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንድ ጊዜ በገንዘቡ፤ ሁለተኛ በዓይኑና በሳንባው።

የዚህም ጉዳት ተካፋይ የቤቱ ጌታ አይደለም፤ እርሱ እንጀራው ቀርቦለት በእልፍኙ ይበላል። ጭሱን የምትውጠው ከጉልቻው አጠገብ የምትቀመጠው እናት፣ እኅት፣ ሠራተኛ፤ በጀርባዋም የታዘለው ሕፃን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓመት በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ከሚነድ ነገር በሚወጣ ጭስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ከዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። የክረምት ጭስ የሚያስለቅሰውን ዓይን «ልማድ ነው» ብሎ ማለፍ እንግዲህ የሚገባ አይደለም። ሻል ያለ ምድጃ መሥራትና ለጭሱ መውጫ ማበጀት ዋናው መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ምድጃው ምንም ያህል ቢያምር እርጥብ እንጨት ከገባበት መጨሱ አይቀርም።

እንጨት የሚገዛበት ጊዜ

ብዙ ቤት እንጨት የሚገዛው ሲጨርስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ እንጨቱ ውድ፣ እርጥብና ጭቃማ ሆኖ ይገኛል፤ ባለቤቱም ከዚህ ሌላ ምርጫ የለውም። ብልህ ባለቤት ግን የክረምቱን ማገዶ የሚገዛው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በዚያን ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩና ነፋሱ ተስማምተው ስለሚገኙ፤ በኅዳር ተፈልጦ የተደረደረ እንጨት ስድስት ወር ያህል አየር አግኝቶ ግንቦት ሲገባ ለማገዶ የተዘጋጀ ይሆናል። በመካከል የበልግ ዝናብ ቢመጣም ጣራ ካለው አይጎዳውም።

ባሕር ዛፍ በተለይ እርጥብ ሳለ መፈለጥ እንዳለበት ማስታወስ ይገባል። ጭረቱ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለ ሆነ፤ ሳይፈለጥ በግንዱ የደረቀ እንደ ሆነ ምሳር እያንጸባረቀ ይመልሳል፤ ፈላጩንም ያደክማል። ከዚህም ሌላ ቅርፊት ውኃውን አፍኖ ስለሚይዘው፤ ያልተፈለጠ ግንድ የሚደርቀው ከሁለት ጫፉ ብቻ ነው። የተፈለጠው ግን በጎኑ ሁሉ ይተነፍሳል። ስለዚህ «ይድረቅና እንፈልጠዋለን» ከማለት «እንፍለጠውና ይድረቅ» ማለት ይሻላል።

የማገዶ ቤቱ አሠራር

ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ የሚበቃ ማገዶ ቤት ለመሥራት ብዙ ወጪና የተማረ አናጢ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አስቀድሞ ማሰብ ነው።

1ኛ፤ ስለ ቦታው። ማገዶ ቤቱ ለወጥ ቤቱ ቅርብ መሆን ቢገባውም ከግድግዳው ጋር መያያዝ የለበትም። እሳት ቢነሣ ወደ ቤቱ እንዳይዛመት፤ ምስጥና አይጥም ከእንጨቱ ወደ ቤቱ እንዳይሻገሩ ጥቂት እርምጃ ይራቅ። ቦታው ጎርፍ የማይተኛበት፣ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው ከፍታ ይሁን። የጥሻ ጥግ ቦታ ቢቆጥብም እንጨቱን ያሻግተዋል።

2ኛ፤ ስለ ልኩ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ የጎኑ ስፋት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። እንጨቱ በ40 ሳንቲሜትር ርዝመት ተቆርጦ በሁለት ረድፍ እስከ 1 ሜትር ተኩል ቁመት ቢደረደር፤ 3.6 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። በሁለቱም ረድፍ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት አንድ ስንዝር ክፍተት ይቀራል።

3ኛ፤ ስለ ቋሚዎቹ። ስድስት ቋሚ ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ለፊት፣ ሦስቱ ለኋላ። የፊቶቹ 2 ሜትር ከ90፤ የኋላዎቹ 2 ሜትር ከ60 ሆነው ይቆረጡና እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲሜትር ይቀበራሉ። እንግዲህ ከመሬት በላይ የፊቱ 2 ሜትር ከ30፤ የኋላው 2 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በጉድጓዱ ታች ጠጠር ማድረግና ዙሪያውን በድንጋይ መጠቅጠቅ ውኃው እንዳይቆም ይረዳል። የጥድ ቋሚ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ቢሆንም ዛፉ እየተመናመነ ስለ ሆነ፤ ቅርፊቱ ተልጦ በሚገባ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል።

4ኛ፤ ስለ ወለሉ። የማገዶ ቤት ትልቁ ምሥጢር በወለሉ ነው። ጣራ ምንም ቢያምር እንጨቱ መሬት ከነካ እርጥበቱን ከታች ይጠጣል፤ ምስጥም ይወጣበታል። ስለዚህ አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ያላቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይደረደሩና በላያቸው ላይ አግዳሚ እንጨት ይጋደማል። በአግዳሚውም ላይ ሁለት ጣት እየተራራቀ ርብራብ ይደረጋል። ከርብራቡ በታች ያለው መሬት ዘወትር ይጠረግ፤ የምስጥ አፈር መታየት አለመታየቱም ይመርመር።

5ኛ፤ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው። ሦስቱ ጎኖች በማገር ይታገራሉ እንጂ አይመረጉም፤ ነፋስ የማይገባበት ማገዶ ቤት መደርደሪያ ሳይሆን መቃብር ነው። የፊቱ ጎን ክፍት ይሁን። ለጣራው ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ አምስት ቢገኝ፤ በፊትና በኋላ አንድ ተኩል ስንዝር ያህል ወጣ ብሎ ዝናቡን ይከላከላል። ቆርቆሮ ለሌለው ጥሩ የሣር ክዳን ይበቃል። ውኃው ወደ ኋላ ስለሚወርድ በዚያ በኩል ትንሽ ቦይ ይቆፈርለት።

ስለ ምሳሩ

ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ በ10ኛው ምዕራፍ፤ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አደጋ እንዳለበትና የደነዘዘ ብረት ያልሳለ ሰው ኃይል ማብዛት እንደሚያስፈልገው ተናግሯል። የኦሪት ዘዳግም 19ኛው ምዕራፍ ደግሞ ምሳር ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ስለ ገደለ ሰው ሕግ ሠርቶለታል። ይህን የመሰለ አደጋ በሕግ መጽሐፍ እስኪገባ ድረስ የታወቀ ከሆነ፤ በጓሯችን ምሳሩን ሳንመረምር ለሠራተኛ መስጠታችን የሚያሳፍር ነው።

የምሳር ዛቢያ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ጭረቱ በቁመቱ የሚሄድ፣ ጉጥ የሌለበት ይሁን። ብረቱ ከዛቢያው ጋር መጥበቁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ይሞከር፤ ላልቶ እንደ ሆነ በራሱ ላይ ትንሽ ሽብልቅ ይመታበት። ውኃ ውስጥ መንከሩ ለአንድ ቀን ያጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ግን ከፊተኛው ይልቅ ይላላል። ስለቱን በሞረድና በመሳያ ድንጋይ ማስተካከል ደግሞ ከአንድ ሩብ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ድካም ግን የግማሽ ቀን ነው።

ስለ አፈላለጡ

እንጨት መፍለጥ የጉልበት ሥራ ብቻ የሚመስለው ላልሞከረው ነው። የሚፈልጠው ዓይን ነው፤ ክንድ የሚከተለው ዓይንን ነው።

አስቀድሞ ሰፊና የማይወዛወዝ ጉቶ ለመፍለጫ ይዘጋጅ። ቁመቱ ከጉልበት ዝቅ ያለ ይሁን፤ ምሳሩ ዒላማውን ቢስት ጉቶውን እንዲመታ እንጂ ወደ እግር እንዳይመለስ ነው። እንጨትን በመሬት ላይ አስተኝቶ በእግር ረግጦ መፍለጥ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም፤ የብዙ ሰው እግር የቆሰለው በዚህ ልማድ ነው። ፈላጩ ጫማ ያድርግ፤ እግሮቹንም በትከሻው ስፋት ልክ ከፍቶ ይቁም። ሕፃናትና የሚመለከቱ ሰዎች ስንጣሪ ከማይደርስበት ስፍራ ይራቁ።

ጉማጁ በጉቶው ላይ ከቆመ በኋላ ጫፉ ይመርመር። ብዙ ጊዜ ከመካከሉ ወደ ዳር የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል፤ እንጨቱ ራሱ «በዚህ በኩል ፍለጠኝ» እያለ ነው። ምሳሩ በዚያ ስንጥቅ መስመር ይውረድ። ጉጥ ያለበትን ወገን መሸሽ ይገባል፤ ጉጥ ማለት የቅርንጫፍ ሥር ነውና ጭረቱ በዚያ ስፍራ ተቋጥሯል። ግንዱ ወፍራም እንደ ሆነ መካከሉን ከመምታት ይልቅ ከዳር ዳሩ እየገመሱ መግባት ይቀላል። እምቢ ያለውን ግንድ በብረት ሽብልቅና በትልቅ መዶሻ መክፈት ይቻላል፤ ነገር ግን ሽብልቅን በምሳር ጀርባ መምታት ምሳሩንም ያበላሻል፤ የብረት ፍንጣሪም ወደ ዓይን ይሰዳል።

ምሳሩን ሲያነሡ አንዱ እጅ ከብረቱ አጠገብ ይሆናል፤ ሲወርድ ግን ያው እጅ በዛቢያው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሁለተኛው እጅ ይደርሳል። ብረቱ በክብደቱ ይውረድ፤ ሰውየው የሚመራው እንጂ የሚገፋው አይሁን። በቁጣ የሚፈልጥ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ ሲደክምም ይስታል። ስለዚህ ክንድ መዛል ሲጀምር ምሳሩን አስቀምጦ የተፈለጠውን መደርደር ብልህነት ነው።

አደራደሩና መድረቁን ማወቂያው

ፍልጡ ሲደረደር በሁለቱ ጫፎች ላይ እንጨቶቹ መስቀል እየሆኑ ይጋደሙ፤ ይህ ረድፉ እንዳይፈርስ ያደርጋል። በመካከል ያለው አለመጠን አይጠቅጠቅ። ለምጣድ የሚሆነው ቀጭን ፍልጥ ለብቻው፤ ለድስትና ለጋን ማፍያ የሚሆነው ወፍራሙ ለብቻው ይሁን። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ዘይት ስላለበት እሳት ፈጥኖ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ከፍልጡ ጋር አይከማች። የወይራ ፍልጥ የተገኘ እንደ ሆነ በማገዶነት ከማጥፋት ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ማስቀመጥ ይሻላል። አሮጌው እንጨት ከታች ተቀብሮ እንዳይቀር አንዱ ረድፍ ሳያልቅ ሁለተኛው አይነካ።

እንጨት መድረቁ የሚታወቀው በብዙ ምልክት ነው። ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ ቅርፊቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሁለት ፍልጥ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የታፈነ ሳይሆን የጠራ ድምፅ ይሰጣሉ። ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ ነገር የሚፈልግ ባለቤት ግን አንድ ፍልጥ ምልክት አድርጎበት በየወሩ ይመዝነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ባቆመ ጊዜ ደርቋል ማለት ነው።

ስለ ተሸካሚዋና ስለ ፈላጩ

እስከ አሁን ስለ እንጨቱ ተናገርን፤ እንጨቱን ስላመጣው ጀርባ ሳንናገር ብናልፍ ግን ነገራችን ጎደሎ ይሆናል። ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባን ምጣድ ያጋሉ ናቸው። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሲሆን፤ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያላያቸው የከተማ ሰው የለም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ የተራራው መልክ ተለውጧል፤ ድካማቸው ግን ሊረሳ የማይገባው ነው። በየአገሩም እንዲሁ የሚሸከሙ ብዙዎች አሉ።

እንዲህ ያለች ሴት ደጃችን ደርሳ ሸክሟን ሳታወርድ በዋጋ ማከራከር ከጨዋ ቤት አይጠበቅም። አስቀድሞ ሸክሟ ይውረድላት፤ ውኃ ይሰጣት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው በቀና ይነጋገሩ። ለእርሷ የተቀነሰባት ጥቂት ብር የአንድ ቀን ራት ነው። እርሷ ያመጣችውንም እንጨት በዝናብ ማበስበስ ድካሟን እንደ መርገጥ ይቆጠራል። ማገዶ ቤት መሥራት እንግዲህ ለራስ ብቻ አይደለም፤ በደረቀ እንጨት የሚጋገር እንጀራ ጥቂት ሸክም ይበቃዋል፤ የሚቆረጠውም ዛፍ ጥቂት ይሆናል።

ለእንጨት ፈላጩም እንዲሁ ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው የተሳለ ምሳር፣ የሚረግጠው ጫማ፣ በሰዓቱም ምሳ ሊያገኝ ይገባዋል። በእኛ ቤት ሥራ ላይ ሳለ የቆሰለ እንደ ሆነ ማሳከሙ የእኛ ዕዳ ነው እንጂ የእርሱ ዕድል ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። «እንጨት ፈላጭ፤ ውኃ ቀጂ» የሚለው ንግግር ለብዙ ጊዜ ለማዋረጃ ሲነገር ኖሯል። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እንደ ከለከሉ ይታወቃል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ እሳት የማይነድበት ቤት የለምና፤ የእሳቱን እንጨት ያዘጋጀ እጅ ሊከበር ይገባዋል።

ስለዚህም የቤቱ ጌታና ወንዶች ልጆቹ አልፎ አልፎ በሰንበት ዋዜማ ምሳሩን ቢያነሡ ክብራቸው አይጎድልም። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለዋለ ሰው ሰውነቱን ያፍታታዋል፤ ልጁም አባቱ ሲፈልጥ አይቶ ሥራን እንዳይንቅ ይማራል። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ቀን የፈለጠ ሰው የአንድ ፍልጥ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ያውቃል፤ ይህን ያወቀ ደግሞ ከፈላጩ ጋር ሲነጋገር ድምፁ ይለወጣል።

አሁን ክረምቱ ሩቅ የሚመስለው ሰው ሐምሌ ሲገባ ይቸኩላል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ይሆንበታል። ጥቅምት ሲጠባ ቋሚውን የቆረጠ፣ በኅዳር ያስፈለጠ፣ በግንቦት ደርቆ ያገኘ ቤት ግን ዝናቡ ሲወርድ ከወጥ ቤቱ የሚወጣው ጭስ ጥቂት ይሆናል፤ እንጀራው ዓይን ያወጣል፤ ጋጋሪዋም ዓይኗን ሳትጠርግ ከምጣዱ ትነሣለች። ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምንመኘውም እንዲህ ያለውን ክረምት ነው።